የረድፉ በርሜል

አበዛሽ ከሁሉ በፊት የምትታጠበው እጇን ነው። የልብስ ሳሙናውን ከሦስት ቆርጣ፣ አንዱን ቁራጭ በስታ በሲባጎ ከጀሪካኑ አንገት ላይ አንጠልጥላዋለች፤ መሬት እንዳይነካ። ጀሪካኑን በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ ታጋድመውና ውሃውን በቀጭኑ ታንቆረቁራለች። መዳፏን ትፈትጋለች፣ በጣቶቿ መሐል ትገባለች፣ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ በሌላው መዳፏ ላይ ታሻለች። ፎጣ አትነካም። እጆቿን ከፍ አድርጋ አየሩ እስኪያደርቃቸው ትቆማለች፤ በጋምቤላ የካቲት ይህ ሃያ እስኪቆጠር እንኳ አይፈጅም።

ቀጥላ ትናንት አመሻሽ ከጎሬ በአይሱዙ የወረደላትን ጆንያ ትፈታለች። ሰላጣውን አንድ በአንድ እያወጣች የውጭዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ትገነጥላለች። እነዚያ ከመኪናው ወለል ጋር ሲታሹ የመጡ ናቸው። በዚያ ወለል ላይ ከእነሱ በፊት ዶሮ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ፍየልም ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የተገነጠለው ለጎረቤት በግ ይሄዳል። ጆንያውን የፈታ እጅ እንደገና ይታጠባል።

ከዚያ ወደ ሳፋዎቹ ነው። ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ጭቃው ይለቃል። በሁለተኛው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ እያደረገች፣ ወደ ግንዱ የተጠጋውን ትል የሚደበቅበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች። በሦስተኛው ውስጥ በልክ የተጨመረ በረኪና አለ። ሰላጣው እዚያ ጥቂት ይቆይና በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ ነጭ አቡጀዲ ላይ ተዘቅዝቆ ይንጠፈጠፋል። የሁለተኛው ሳፋ ውሃ ሲደክም ወደ መጀመሪያው ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ግን መቼም ወደ ላይ አይወጣም። ይደፋል።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ብቻዋን ነው። ግቢው ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚናገር የለም። አንዳንድ ቀን ሰላጣውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስንት እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም፤ ድምፅ ለመስማት ያህል ነው።

የተወለደችው ጎሬ ነው። ወደ ጋምቤላ የወረደችው ከባሏ ጋር ነበር፤ እሱ የመንግሥት መኪና ይነዳ ነበርና ተመድቦ ሲመጣ ተከትላው መጣች። መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቀረና ዲማ ወርቅ ላስቆፍር ብሎ ሄደ። ለሦስት ወር ነበር ያላት። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ ላከ። በሁለተኛው ዓመት ከዲማ የተመለሰ አንድ ሰው በጤናው እንዳገኘው፣ ወፈር ብሎ እንደነበረ ነገራት። ሰውዬው ሌላም የሚነግራት ነገር ያለው ይመስል ነበር። እሷ ሌላ አልጠየቀችም። ልጅ አልነበራቸውም። ጎሬ ያሉት ወንድሞቿ ነይ እያሉ በየሾፌሩ መልእክት ይልኩ ነበር፤ እሷ ግን አልሄደችም። ለምን እንደማትሄድ ሲጠይቋት ገበያው ጥሩ ነው ትላለች።

ገበያው እውነትም ጥሩ ነበር። ክልሉ ገና ራሱን የቻለበት ጊዜ ነው። በየወሩ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ የበሩ ጽሑፍ ቀለም ሳይደርቅ ሠራተኛው ከደጋ ይወርዳል፣ ሠራተኛው ሻንጣውን እንዳስቀመጠ ሰላጣና ካሮት ፍለጋ ይወጣል። አበዛሽ ደግሞ የጎሬን አትክልት ከማንም ቀድማ ታወርዳለች። ነገር ግን ያስቀራት ይህ አልነበረም። ያስቀራት ገበያው ውስጥ የምትቀመጥበት ረድፍ ነው።

በረድፉ ላይ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አበዛሽ መሐል፣ በቀኟ ዶርቃ፣ በግራዋ ኛማል። ዶርቃ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ኛማል ከባሮ ዳር ጓሮዎች ባሚያና የዱባ ቅጠል ታመጣለች። ረጅም ናት፤ ተቀምጣም ከቆመ ገዢ ጋር ፊት ለፊት ትተያያለች። ቤተሰቧ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ከድንበር ወዲያ ነው። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች። አማርኛዋን የተማረችው እዚያው ገበያ ውስጥ ስለሆነ በቁጥርና በቀልድ ከማንም አታንስም፤ በሌላው ግን ቃል ትቆጥባለች።

ሦስቱም ከአንድ በርሜል ነበር የሚጠቀሙት። በግማሽ የተቆረጠ የናፍጣ በርሜል ነው፤ አበዛሽ ከባሏ ዕቃ ያተረፈችው። ጠዋት ጠዋት ውሃ ቀጂ ከባሮ ያመጣበታል፣ ሂሳቡን በየተራ ይከፍላሉ። ጋምቤላ ላይ አትክልት የሚሸጥ ሰው ያለ ውሃ አይሸጥም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎመኑ አንገቱን ይደፋል፣ ሰላጣው እንደ ጨርቅ ይሆናል። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ ከበርሜሉ በእጅ ወይም በጣሳ ዘገን ተደርጎ ይረጫል። የተረጨ ቅጠል ያብረቀርቃል፣ ገዢም የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል።

የረድፉ ወሬ በሙሉ የሚወራው በርሜሉ ዙሪያ ነበር። አንዷ ውሃ ልትቀዳ ትነሳና ሳትቀዳ ግማሽ ሰዓት ትቆማለች። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የትኛው ቢሮ ደመወዝ እንዳዘገየ፣ ኢታንግ ላይ ምን እንደተሰማ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚነገረው። አበዛሽ ቤቷ ገብታ ከማንም ጋር ሳትነጋገር የምታድር ሴት ናትና የቀኗን ወሬ በሙሉ እዚያው ነበር የምትጨርሰው። ኛማል ትቀልድባታለች።

«ጎመንሽ በቀን ሃያ ጊዜ ይታጠባል። አንቺስ ስንት ጊዜ?»

«እኔን ማን ይገዛኛል ብለሽ ነው።»

«ውሃ ልርጭብሽ፣ ምናልባት ታብረቀርቂያለሽ» ትላትና በእውነት ትረጫታለች። ዶርቃ ሁለቱን እብዶች ትላቸዋለች። አበዛሽ እርጥብ ቀሚሷን እንደለበሰች ቀኑን ትውላለች፣ አታራግፈውም።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ሁዳዴ ጾም ሲገባ ሰላጣ ተፈላጊ ሆነ። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ይጾማል፣ ለጾም ደግሞ ሰላጣ በሎሚና በቃሪያ እንዳለ ይበላል። የከተማው ቧንቧ ለሳምንታት ውሃ አልነበረውም፣ ባሮም ቀንሶ ዳር ዳሩ ደፍርሷል። በዚያው ሰሞን የሆድ ሕመም በዛ። ከአበዛሽ ደንበኞች አንዷ የአስተማሪ ሚስት ነበረች፤ ማክሰኞና ዓርብ ሳታሰልስ ትመጣለች። ሁለት ሳምንት ቀረች። አበዛሽ ስትጠይቅ ሁለቱም ልጆቿ በደም ተቅማጥ ሆስፒታል እንደተኙ ሰማች። ልጆቹ ድነው ወጡ። ማንም ሰላጣው ነው አላላትም። እሷ ግን ለሴትየዋ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰላጣዎች የመረጠችላት ራሷ እንደሆነች፣ ከማስረከቧ በፊትም ከበርሜሉ ደህና አድርጋ እንደረጨችባቸው አስታወሰች።

ዘገየ የሚባለው ሰው የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። የጤና ቢሮ የንጽሕና ባለሙያ ነው፤ ከደጋ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ደብተርና ሁለት ባዶ ጠርሙስ ይዞ የሚዞር ወጣት። ጠዋት ከበርሜሉ አንዱን ጠርሙስ ሞላ፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ሁለተኛውን ሞላና ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን አቆማቸው። ኛማልና ዶርቃ ገዢ ይዘው ስለነበር አበዛሽ ብቻ ነበረች የተጠጋችው። የጠዋቱ ጠርሙስ ቀላ ያለ ነው። የቀትሩ ከታች ጣት የሚያህል ዝቃጭ ሠርቷል፣ ከላይ ደግሞ ስስ ቅባት ተንሳፎበታል።

«እትዬ አበዛሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባሚያ ይቀቀላል፣ ጎመንም ይቀቀላል። ሰላጣ ግን እንዳለ ነው የሚበላው። የረጨሽበትን ውሃ ይዞ ነው ሰው ቤት የሚገባው።»

የወንዙም ውሃ ቢሆን ሳይታከም እንደማይበቃ ነገራት። በጠዋቱና በቀትሩ መሐል የተጨመረው ግን እጅ ነው አላት፤ ብር የቆጠረ፣ ሕፃን የጠረገ፣ ጆንያ የፈታ እጅ። አበዛሽ የራሷን እጅ አየች። በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ከመኪና የወረደውን ጆንያ ትፈታለች፣ ከዚያም እስከ ክንዷ በርሜሉ ውስጥ ትገባለች። ኛማልና ዶርቃ ሲመጡ ውሃው አስቀድሞ በእሷ እጅ ታሽቷል።

ዘገየ ከሄደ በኋላ ከሁለቱ ጋር ተቀምጣ ብትነግራቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልነገረችም። ቤቷ ገብታ ስለ አስተማሪው ልጆች ስታስብ አመሸች። በነጋታው ከሁሉም ቀድማ ገበያ ደርሳ በርሜሉን ገፍታ ደፋችው፣ አፉንም ወደ መሬት ገልብጣ አስቀመጠችው። አጠገቡም ክዳን ያለው የራሷን ጀሪካን አቆመች። ውሃ ቀጂውንም መለሰችው።

ኛማል ጣሳዋን ይዛ መጣች። የተገለበጠውን በርሜል አየች፣ እርጥቡን መሬት አየች፣ ከዚያም ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረውን ጀሪካን አየች። ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ውሃው ቆሻሻ ነው» አለች አበዛሽ።

«የማን ቆሻሻ?»

መልሱ ቀላል ነበር። የእኔ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ነገር ግን የአንድ ሆቴል ወጥ ሠሪ ሰላጣ ሊመርጥ ፊቷ ቆሟል፣ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ሰላጣዬ ልጆች አሳመመ የሚለው ቃል ከአፏ ከወጣ ቀትር ሳይሆን ከተማውን ያዳርሳል፣ ከዚያ በኋላም ከእሷ የሚገዛ ሰው አይኖርም። ጎንበስ ብላ ካሮቱን ማስተካከል ጀመረች። ኛማል ጠበቀች። ወጥ ሠሪው መርጦ ከፍሎ እስኪሄድ ድረስ ጠበቀች። አበዛሽ ቀና አላለችም።

«እሺ» አለች ኛማል፣ ባዶ ጣሳዋንም ይዛ ተመለሰች።

በዚያች ከተማ በዚያ ጊዜ ማን ከማን ጋር በላ፣ ማን ከማን ዕቃ ጠጣ የሚለውን ሁሉም ያያል። የደጋ ሴት አብራ ስትጠቀምበት የኖረችውን ውሃ አንድ ጠዋት ቆሻሻ ብላ ከደፋችው፣ ክዳን ያለው የግሏን ካመጣች፣ ትርጉሙን መፈለግ ማንንም አያስፈልገውም። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ተጸየፈችን ነው። አበዛሽ ይህን የተረዳችው ከሰዓት በኋላ ነው። ኛማል የላስቲክ ባልዲ ገዝታ መጣች፣ ባሚያዋንም ሰብስባ ከዶርቃ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ዶርቃ መሐል ሆነች። የአበዛሽ ግራ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሳቁ ከዚያ ማዶ ነበር የሚመጣው።

አበዛሽ ሥራዋን አሻሻለች። ምክንያቱም ሌላ የምታደርገው አልነበረም። ዘገየ በረኪናውን ለክቶ አሳያት፣ ሦስቱን ሳፋ ገዛች፣ አትክልቱን ከመሬት አንስታ በእንጨት ርብራብ ላይ ደረደረች። ብር የነካ እጅ ቅጠል እንዳይነካ ስታስብ በግራዬ ልቀበል አለች፤ ይህ ግን ነውር ነው፣ ገዢውን መሳደብ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ አስቀመጠችና ገዢው ራሱ እንዲጥልበት ጠየቀች። አንዳንዱ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ግን እጄ ምን ሆነ ብለው ቃሪያውን መልሰውላት ሄዱ።

ከባዱ የቅጠሉ ነገር ነበር። ከበርሜል እየዘገኑ መርጨት ስለቀረ ሰላጣዋ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠወልጋል። ጥቂት ጥቂት ብቻ እያመጣች ሌላውን ቤት ጥላ ውስጥ ማስቀረት፣ ያመጣችውንም በንጹሕ እርጥብ አቡጀዲ መሸፈን ጀመረች። ቢሆንም የኛማል የዱባ ቅጠል አብረቅርቆ እሷ ዘንድ ያለው ሲደክም፣ ገዢው ሁለቱንም አይቶ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ምነው አበዛሽ፣ የትናንት ነው እንዴ የምትሸጪልን ይሏታል። የዛሬ ነው ትላለች። ብዙ አታስረዳም።

ይባስ ብሎ ዘገየ አመሰገናት። ከቢሮው ሁለት ሰዎች ይዞ መጣና በገበያተኛው ሁሉ ፊት ሳፋዎቹን፣ ርብራቡን፣ በሲባጎ የተንጠለጠለውን ሳሙና እያሳየ እንደ እትዬ አበዛሽ ሁኑ ብሎ ተናገረ። ነጭ ጋዋንም አለበሷት። ሰውየው በቅንነት ነው ያደረገው፤ አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው ይከተላል ብሎ ያምናል። በነጋታው ጋዋኑን ለብሳ ስትመጣ ኛማል ከወዲያ ማዶ ባሚያዋን እየቆጠረች፣ ወደ እሷ ሳታይ፣ «ዶክተር መጣች። የታመመ ጎመን ያለው ይሰለፍ» አለች። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። አበዛሽም ልትስቅ ነበር፤ ቀልዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚሳቀው ከእሷ ጋር እንዳልሆነ አወቀች። ጋዋኑን ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እስከዚያ ስሟን በቁልምጫ አበዛ ይሏት የነበሩት ሁሉ ዶክተር አሏት።

አንድ ቀን እግዜር የሰጠ አጋጣሚ መጣ። የኛማል ቅርጫት ዘመመና ባሚያው ተንከባለለ፤ ጥቂቱ የዶርቃን ቦታ አልፎ አበዛሽ እግር ሥር ደረሰ። አበዛሽ ተነሥታ ለቀመችው። ይዛላት ሄዳ፣ ሰጥታት፣ በዚያው ልትነግራት አሰበች። እጇ ግን እንደለመደው ሠራ፤ ባሚያው መሬት ወድቋልና ጀሪካኑን አጋድማ አጠበችው። ሁለት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ በእርጥብ መዳፏ ይዛ ወደ ኛማል ዘረጋች።

ኛማል ባሚያውን አየች። ጀሪካኑን አየች። ተቀበለቻትና ከቅርጫቱ ጋር ሳትቀላቅል ለብቻው አስቀመጠችው። ማምሻውን ዕቃዋን ስትሰበስብ ለሚያልፍ ፍየል አንድ በአንድ ስትሰጠው አበዛሽ አየች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሞከረች። አንዴ ኛማል ገዢ ነበራት። አንዴ ደግሞ አበዛሽ ሰላም ብላ ሌላው ቃል ጠፋባት፣ ኛማልም ሰላም ብላ ፊቷን መለሰች። ቤት ገብታ የምትለውን ትለማመድ ጀመር። ሰላጣውን ስታጥብ ለሰላጣው ትነግረዋለች። እዚያ ሁሉም ነገር በቅደም ተከተሉ ይወጣላታል፤ የአስተማሪው ልጆች፣ ጠርሙሶቹ፣ በማለዳ ቀድሞ ውሃ ውስጥ የሚገባው እጇ። ገበያ ስትደርስ ተመልሶ ይቋጠርባታል።

ከፋሲካ በኋላ ለሆቴሉ ካሮት ልታደርስ በጓሮ በር ገባች። ሠራተኞቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት በርሜል ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ክዳን አለው፣ ከታች በኩል ደግሞ ቧንቧ ተበይዶበታል። አንዱ ይመጣል፣ ከፍቶ ይታጠባል፣ ይዘጋል። ሌላው ይመጣል። ሁሉም ከአንድ ውሃ ይጠቀማሉ፣ የማንም እጅ ግን ውስጡ አይገባም። አበዛሽ ካሮቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወጥ ሠሪው ምን ሆነሻል አላት። ምንም አለች። ዘገየ እጅ ነው ብሎ ነግሯት ነበር እኮ። እጁን ማውጣት ሲቻል እሷ ሰዎቹን ነበር ያወጣችው።

በርሜሉን ቅዳሜ ዕለት ብየዳ ቤት ወሰደችው። ዝገቱን አስፈገፈገች፣ ክዳን አሠራች፣ ቧንቧ አስበየደች። የሚያንጠባጥብ እንዳይሆን ራሷ ውሃ ሞልታ ሞከረችው፤ በመጀመሪያው አንጠባጠበ፣ እንደገና አስበየደችው። እሑድ ቀን በረኪናውን ለክታ በወረቀት ጠቀለለች። የምትናገረውንም ጨረሰች። ሰኞ ማለዳ በጋሪ አስጭና ገበያ ወስዳ፣ በድሮው ቦታ በሦስት ድንጋይ ላይ አቆመችው፣ አስሞላችው፣ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያም ቆማ ጠበቀች።

ዶርቃ መጣች። በርሜሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች።

የኛማል ቦታ ባዶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። አበዛሽ ዶርቃን ጠየቀቻት።

«ቅዳሜ ሄደች እኮ» አለች ዶርቃ። «ፑኝዶ። የባሏ እናት ከድንበር ወዲያ ተሻግረው የስደተኛ ካምፕ ገብተዋል፣ የሚረዳቸው የለም። ባሚያውን እዚያው እሸጣለሁ ነው ያለችው። አልነገረችሽም? ለነገሩ አትነጋገሩም።»

ኛማል መቼ እንደምትመለስ አልተናገረችም። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዋን ጭና መኪና ስትጠብቅ እዚሁ ገበያው ጫፍ ላይ እስከ አምስት ሰዓት ቆማ ነበር። አበዛሽ በዚያን ሰዓት ብየዳ ቤት ነበረች።

አበዛሽ ርብራቧ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለኛማል ያዘጋጀችውን ለዶርቃ ነገረቻት። ድምፅዋንም አልቀነሰችም፤ ሁለት ገዢዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰላጣዬ ልጆች ሳያሳምም አይቀርም አለች። ውሃው ውስጥ ቀድሞ የሚገባው የእኔ እጅ ነበር አለች። ፈራሁ፣ እንዳልከስር ፈራሁ፣ ስለዚህ ዝም አልኩ አለች። ከገዢዎቹ አንዷ የያዘችውን ሰላጣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠች።

ዶርቃ ቲማቲሟን እየጠረገች ሰማቻትና «እና ይሄን ለማለት ሁለት ወር ፈጀብሽ?» አለቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጣሳዋን ይዛ ተነሥታ ከቧንቧው ቀዳች።

ያ በርሜል አሁንም እዚያው ነው። ሌሎች ሻጮችም ከሩቅ እየመጡ ይቀዱበታል፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን አሠርተዋል። የአስተማሪው ሚስት በሐምሌ ተመልሳ መጣች፤ አበዛሽ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትየዋ ሰላጣውን ትታ ካሮት ብቻ ገዛች። ካሮት ብቻ እየገዛች ቀጠለች። በአበዛሽ ግራ ያለውን ባዶ ቦታ አንዲት ድንች ሻጭ ጠይቃት ነበር፤ አበዛሽ ሰው አለው ብላ መለሰቻት። ወደ ፑኝዶ በሚሄዱ ሾፌሮች አምስት ጊዜ መልእክት ልካለች። ሁለቱ አላገኘናትም አሏት፣ ሦስቱ ተመልሰው አላናገሯትም። ካምፑ ሰፊ ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው፣ ሾፌር ደግሞ ጭነቱን አራግፎ ይቸኩላል። ራሷ ልትሄድ አንድ ጊዜ ተነሥታ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው።

ይህ ታሪኳ እንደሚጻፍ ሲነገራት ስለ ሳፋዎቹና ስለ በረኪናው ልኩን ሳይሳሳቱ እንዲጽፉ አሳሰበች። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ለሚያነበው ሰው የምትለው አንድ ነገር እንዳላት ተናገረች።

«ወደ ፑኝዶ የምትወርዱ ሰዎች፣ ነጋዴም ሁኑ የእርዳታ ሠራተኛ፣ ገበያው ውስጥ ባሚያ የምትሸጥ ኛማል የምትባል ረጅም ሴት ካገኛችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ለገዢ ባሚያው ለጋ መሆኑን ለማሳየት ጫፉን ቀጭ አድርጋ ትሰብራለች፤ በዚያ ታውቋታላችሁ። የማን ቆሻሻ ብለሽ ጠይቀሻት ነበር፣ የእኔ ነው ብላለች በሏት። ገዢ ቢኖርም ጮክ ብላችሁ ንገሯት። የምትመልሰው ካለ፣ ስድብም ቢሆን፣ እንዳለ አምጡልኝ።»